የጎረቤቴ ቅቤና የቀይ ወጥ ውድድር

ሰው በነጻ የሰጠኝን ነገር መጀመሪያ የማደርገው መገልበጥ ነው፤ ከታች ምን እንዳለ ለማየት። ይህን ጠባይ ከአባቴ ነው የወረስኩት። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ሱቅ ሲከፍት "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" የሚለውን ተረት ከሚዛኑ ጋር ይዞ የመጣ ይመስለኛል፤ ጠዋት ማታ እሱን እየነገረ አሳደገን። እኔም ይኸው እዚያው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ እሱ በተወልኝ ሱቅ በርበሬና ቅመማ ቅመም እየሸጥኩ ጸጉሬ ሸበተ። ጥርጣሬው ጠቅሞኛል። የጆንያውን አፍ ብቻ አይቼ በርበሬ ገዝቼ አላውቅም። ነጋዴ እርጥቡን ዛላ የሚደብቀው መሃል ላይ ስለሆነ እጄን ሰድጄ ከመሃል እዘግንና አሸትታለሁ።

በከተማው የምታወቀው በዚህ አፍንጫዬ ነበር። ልጅ የሚድሩ እናቶች ከጉቶ ጊዳ ወረዳ ሳይቀር ያዘጋጁትን በርበሬ ይዘው መጥተው "አሽትቺልኝ" ይሉኛል። ይሄ ሲታመስ አርሯል፣ ለዚህ ኮረሪማ ጨምሪበት፣ በዚህኛው ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል እላለሁ። ቃሌን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ የጎደላቸውንም ከኔው ይገዛሉ።

ባለፈው ክረምት ግን አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑ ሄደ፤ ማሽተቴንም ይዞብኝ ሄደ። በርበሬ ያስነጥሰኛል፣ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ምላሴን ይለበልበኛል። ጨውና ስኳርም እለያለሁ። ሽታ የሚባል ነገር ግን የለም። አንድ ሰሞን ከሱቁ ማዶ ቦይ ውስጥ ውሻ ሞቶ ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ፣ እኔ በሬን ከፍቼ ሻይ እጠጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እኔም መያዝ ለመድኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ አርጆ ከተማ መምህር ናት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ስልክ በደወለች ቁጥር "እማ፣ ሱቁን ዝጊና ወደኔ ነይ" ትለኛለች። ይህን ብትሰማ በማግስቱ ዕቃዬን የሚጭን መኪና ይዛ ነበር የምትመጣው። እኔ ደግሞ በሰው ቤት፣ የልጄም ቤት ቢሆን፣ ተጎልቼ ቴሌቪዥን የማይ ሴት አይደለሁም። ደንበኛም ከሰማ ያው ነው። ማሽተት የማትችል በርበሬ ነጋዴ ዘንድ ማን ይመጣል? ሱቁ ሄደ ማለት እኔም ሄድኩ ማለት ነው። ስለዚህ ማስመሰል ጀመርኩ።

ማስመሰሉ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አልከበደኝም። የበርበሬን ዕድሜ በቀለሙ አውቃለሁ፤ ዛላውን ስጨብጠው ካልተንኮሻኮሸ እርጥብ ነው። አሽትቺልኝ የምትለኝ ሴት ስትመጣ ጎንበስ እልና ከበርበሬው ይልቅ ፊቷን አያለሁ። "አንድ ነገር ጎድሎታል፣ አይደል?" ስላት የጠረጠረችውን ራሷ ትነግረኛለች። ቅመሺልኝ ስትለኝ ደግሞ "ጾም ነኝ" እላለሁ። እኛ ኦርቶዶክሶች ጾማችን ብዙ ነው። ጾመኛ ሴት ለእንግዳ ወጥ ስትሠራ እንኳ አትቀምስም፤ በእንፋሎቱ እያሸተተች ነው የምትለካው። ይህን አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም አይገፋኝም ነበር።

ከሱቄ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ሴት ቅቤ ሻጭ ናት። ኦሮሞ ናት፣ በሃይማኖቷ ፕሮቴስታንት ናት፣ ከኔ በዕድሜ ትንሽ ታንሳለች። ቅቤዋን ከገበሬ ቤት ራሷ ሄዳ መርጣ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በባጃጅ ታመጣለች። ጠዋት በሯን ስትከፍት "አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌቲ ኮ?" ትለኛለች፤ እንዴት አደርሽ፣ እህቴ ማለቷ ነው። "ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው" እላታለሁ። ብዙ ዘመን እንዲህ ኖረናል። አንዳችን ስንወጣ ሌላችን ሱቅ እንጠብቃለን፣ ለልቅሶ አብረን እንሄዳለን። ነገር ግን ሴትየዋ ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ታያለች፤ ይህ ነገሯ ሰላም አይሰጠኝም። በዚያ ላይ ልጇ አግብቶ ምራቷ የምትከራየው ሱቅ እየፈለገች ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። የኔንና የሷን ሱቅ የሚለየው ጣውላ ነው። ጣውላ ማንሳት ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ነገሬ በዚህ ላይ እንዳለ ነው ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ወደ ሱቄ የመጣችው። ከገጠር የሚመጡ እርጉዞች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ክፍል አለ፤ ፍራሹ አልቆ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ አሉኝ። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ግቢ የቀይ ወጥ ውድድር ይደረጋል፣ ሰው ቲኬት ቆርጦ ከየድስቱ ይቀምሳል፣ ይሳቃል፣ የተገኘው ለፍራሽ ይውላል። ደንቡ አንድ ነው፤ በርበሬው የማያስለቅስ ወጥ አይወዳደርም።

"አዴ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ እርስዎ የሌሉበት ውድድርማ ውድድር አይባልም" አለችኝ ነርሷ።

ለምን እኔን? ብዬ አሰብኩ። ነርስ ናት፤ ፊቴ ላይ ምን አየች? መምህሩስ ለምን ፈገግ ይላል? እንቢ ማለት ፈለግሁ። ግን የከተማው አፍንጫ ከበርበሬ ውድድር ከቀረ ወሬው ያኔውኑ ይጀምራል። እሺ አልኩ። ቀን ሲመርጡም እኔው ነኝ በዓለ ሃምሳ ውስጥ እንዲሆን ያደረግሁት። "ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም እኩል ይበላል" አልኳቸው። ጎረቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማ ነበር። እሷም ልትወዳደር ስሟን ሰጠች።

ውድድሩ በቀረበበት ሳምንት፣ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ጎረቤቴ በክዳን የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች።

"ለቅዳሜ የማስበው ወጥ ነው፤ ቅመሽና ምን እንደጎደለው ንገሪኝ" አለችኝ።

የምትፎካከረውን ሰው ምክር የምትጠይቅ ሴት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ይህቺ አንድ ነገር ፈልጋለች አልኩ በልቤ።

"ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ" አልኳት እንደ ልማዴ።

ጎረቤቴ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ "እሺ" አለች። ክዳኑን መልሳ ይዛው ሄደች።

አመሻሹ ላይ ቤቴ ገብቼ ፍርፍሬን በቅቤ ለውሼ ሁለተኛውን ጉርሻ ስጎርስ ነው የደነገጥኩት። በዓለ ሃምሳ ነው። እኔው ራሴ፣ በገዛ አፌ፣ ሴትየዋ እየሰማች፣ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም ብያለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። ፕሮቴስታንት ናት፣ የኛን ጾም ምን ታውቃለች ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግን ሴትየዋ ቅቤ ሻጭ ናት። በዚህ ከተማ የኛን ጾም ከቄሱ እኩል የምታውቀው እሷ ናት፤ ገበያዋ የሚወድቀውም የሚነሳውም በሱ ነው። ፍርፍሩ ሳህን ላይ እንዳለ ቀረ።

በማግስቱ ደግሞ ሱቄን እንድትጠብቅልኝ ብያት ለጥቂት ጊዜ ወጣ ብዬ ስመለስ፣ የኮረሪማ ጣሳዬን ከፍታ አፍንጫዋን ከታበት አገኘኋት።

"ምን ጠፋብሽ?" አልኳት።

"ምንም። ደንበኛ መጥታ ልሸጥላት ብዬ ነው።"

መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁት። ደንበኛ የሚመስል ሰው አልነበረም። ጣሳውን ተቀብያት ክዳኑን ገጠምኩ፤ እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቅቤዋ ተመለሰች። ጣሳው ለምን እንዳስፈለጋት ስገላብጥ ዋልኩ። ወይ ለምራቷ ዕቃዬን እየቆጠረች ነው፣ ወይ ቅመሜን ልታበላሽ ነው፣ ወይ ደግሞ ነገሬን ደርሳበታለች። ሦስተኛው ከሁሉም አስፈራኝ።

ያንኑ ቀን ሱቅ ከመዝጋታችን በፊት ሁለት የኮባ ቅጠል ጥቅል አምጥታ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠች።

"ለወጥሽ ቅቤ ነው። ሁለቱንም እይና የወደድሽውን አንጥሪ። ስጦታዬ ነው።"

ስጦታ። ቅጠሎቹን ፈታሁ፤ ገለበጥኳቸው፤ ከታች ምንም የለም። ሁለቱም ነጣ ያሉ፣ ሁለቱም ጣት የሚያሰምጡ። አንዱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንደ ድሮዬ "እህ" አልኩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። አየር ብቻ ነው የሳብኩት። ቀና ስል ጎረቤቴ ፊቴን እያየችኝ ነው፤ ልክ እኔ የሰው ፊት እንደማየው። አንደኛው መጥፎ ቢሆን ነው እንጂ ለምን ምረጪ ትለኛለች? በልቤ እግዜርን ጠርቼ በቀኝ ያለውን ገፋሁት።

"ይሄኛው ይሻላል።"

"ያኛውስ?"

"ያኛው ትንሽ ቆይቷል።"

ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ሳቅ ይሁን ኀዘን አልለየሁትም፤ እኔ ግን ሳቅ ነው አልኩ። "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" ብላ ሁለቱንም ትታልኝ ሄደች። ወጥመድ ነው። የመረጥኩት የተበላሸው መሆን አለበት፤ ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ልታዋርደኝ ነው። ሁለቱንም ጠቅልዬ መደርደሪያ ጥግ አኖርኳቸው።

ዓርብ ጠዋት ከገበያው ማዶ፣ ከማላውቃትና ከማታውቀኝ ሴት ቅቤ ገዛሁ። ነጭ ነበር፣ ጥንካሬው ልክ ነበር፣ ጣቴ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ነበር። ለዓይንና ለጣት ከዚያ የተሻለ ቅቤ የለም። የማታውቀኝ ሴት ልትጎዳኝ ምክንያት የላትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቤቴ ወስጄ በኮሰረት፣ በአብሽና በእርድ አነጠርኩት። አረፋው ሲከስም፣ ቅመሙ ሲረጋ፣ መልኩ ወርቅ ሲሆን አወጣሁት። እንደዚያ አኩርቶኝ የሚያውቅ ቅቤ የለም።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ግቢ በከሰል ጭስና በሳቅ ተሞላ። የባጃጅ ሾፌሮች የዝናብ ልብስ እንደ ሽርጥ ታጥቀው አንድ ትልቅ ብረት ድስት ከበዋል፤ ከመሃላቸው ወጥ የሚያውቅ ያለ አይመስልም፤ በርበሬውን በጭልፋ ሳይሆን በጣሳ ነው የሚጨምሩት። መምህራኑ ሽንኩርት ሲከትፉ አልቅሰው ሰው እየሳቀባቸው ነው። ማይክ ይዞ መድረኩን የሚመራው ወጣት አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ያፌዛል። "ጨጓራ ያለበት ሰው በውጭ በኩል ይለፍ" ሲል ግቢው ያሽካካል። እኔ አልሳቅሁም። የጎረቤቴ ምድጃ ከኔ ቀጥሎ ነው፤ ማን እንዲህ እንዳደረገው እያሰብኩ ነበር።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልቼ፣ በርበሬዬን ጨምሬ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሁ ዓይኔን ሳልነቅል አማሰልኩ። እንዳያርብኝ ነው፤ ሌላው ሰው ማረሩን አስቀድሞ ያሸታል፣ እኔ ጥቁር ሲሆን ነው የማየው። ቅቤዬን አገባሁ፣ ሥጋውን ጨመርኩ። ጎረቤቴ በቅቤው ሰዓት ቀና ብላ ወደ ድስቴ አየች፤ ወዲያው ወደ ራሷ ድስት ተመለሰች። ወጤ ሲደርስ መልኩ ደም የመሰለ፣ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ፣ ለፎቶ የሚሆን ወጥ ነበር። ጨውን በምላሴ አረጋገጥኩ። ልክ ነው።

ቲኬት የቆረጠው ሰው መጀመሪያ የመጣው ወደኔ ነው። ይጎርሱና "ባዬ ሚአዋ፣ በጣም ይጣፍጣል" ይሉኛል። "የርስዎማ ልዩ ነው" ይሉኛል። እኔ ግን የሰው አፍ አላይም፤ እጁን ነው የማየው። አንዷ ሁለተኛ ጉርሻ ልትቆርስ እጇን ሰደደችና መለሰችው። አንዱ እንጀራውን ጠቅልሎ ይዞ ወደ ባጃጅ ሾፌሮቹ ሄደ፤ በመንገዱ ላይ የጠቀለለውን ባልዲ ውስጥ ሲጥል አየሁት። ከኔ ጠረጴዛ የሚነሱት ሳህኖች ላይ ወጡ እንዳለ ነው። ማንም ደፍሮ አልተናገረም። ወጡ የኔ ስለሆነ እያንዳንዱ ጥፋቱ የራሱ ምላስ መስሎት ይሆናል።

ጎረቤቴ በእንጀራ ጫፍ ጠቀስ አድርጋ ቀመሰች። አላኘከችውም፤ እንደ መድኃኒት ዋጠችው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"የኔን ቅቤ አልተጠቀምሽም?"

"አልተጠቀምኩም።"

"ከየት ገዛሽ?"

"ከገበያው ማዶ።"

"አሮጌ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው ለጋ አስመስለው ሸጠውልሻል" አለች ቀስ ብላ።

ድስቱን ልደፋው አሰብኩ፤ ግን ዳኞቹ ደርሰው ነበር። ከፊት ያለው ያ ጡረተኛ መምህር ነው፤ የድሮ ደንበኛዬ፣ ውሸት የማይሆንለት ሰው። ጎረሰ። አኘከ፣ ማኘኩን ተወ፣ ዋጠ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚለውን ሊሰማ ዞሯል። የመድረኩ ወጣትም ማይኩን አስጠጋለት።

"አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "በርበሬው የርስዎ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ይህ ቅቤ…"

"ቅቤው የኔ ነው" አለች ጎረቤቴ።

ሁሉም ወደሷ ዞረ።

"እኔ ነኝ የሰጠኋት። ሳላየው ሰጥቻታለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

በማይኩ ነው የተሰማው። ከፊት ቆመው የነበሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ከነሱ ውስጥ የሷን ቅቤ የሚገዙ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዷ ለልጇ ሠርግ እንስራ ሙሉ አዛለች። ጎረቤቴ አራት ልጆች ያሳደገችው በቅቤ ነው፤ ቅቤ ሻጭ ደግሞ አንድ ጊዜ አሮጌ ሸጠች ከተባለች ያ ስም በምንም አይታጠብም። ይህን ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። አውቃ ነው ያለችው።

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ሱቄ ሱቄ ነው፣ አፍንጫዬ አፍንጫዬ ነው፣ አርጆም አልሄድ። እውነቴን ነው የምናገረው፣ ዝም ልል ነበር። ያን ቅጽበት እንኳ ይህን የምታደርገው ምን ፈልጋ ነው የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። ፊቷን አየሁት። አንገቷን ደፍታለች፣ ጆሮዋ ቀልቷል፣ በማማሰያዋ የጠረጴዛውን ልብስ ትጫናለች። ያፈረ ሰው ፊት ነው። ባላጠፋችው ጥፋት አፍራለች።

"የሷ አይደለም" አልኩ። "እሷ የሰጠችኝ ሱቄ መደርደሪያ ላይ አለ፣ አልነካሁትም። ይህን እኔ ነኝ የገዛሁት። መበላሸቱን አላወቅኩም። ከክረምት ጀምሮ ማሽተት አልችልም።"

"አዴ ቀልድም ይችላሉ" አለ ወጣቱ በማይኩ፣ ሰውም ሳቀ። ሊስቁ ነው የመጡት።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። "አልቀለድኩም" አልኩ። "በርበሬ አሽትቺልኝ ያላችሁኝን ሁሉ ፊታችሁን እያየሁ ነው የነገርኳችሁ።"

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። የመጀመሪያውን ሽልማት የባጃጅ ሾፌሮቹ ወሰዱ፤ ወጣቸው ሰውን እያስለቀሰ እስከ ድስቱ ቂጥ ተበልቷል። ለፍራሹ የሚበቃ ተገኘ ሲባል ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የኔን ድስት ማን እንደደፋው አላየሁም።

ወደ ቤት በአንድ ባጃጅ ነው የተመለስነው። ባዶ ድስቶቻችንን በየጉልበታችን ታቅፈናል።

"መቼ ነው ያወቅሽብኝ?" አልኳት።

"በበዓለ ሃምሳ ረቡዕ ስትጾሚ ጠረጠርኩ። በቅቤው አረጋገጥኩ።"

"የቱ ነበር የተበላሸው?"

"ኦቦሌቲ ኮ፣ ሁለቱም ከአንድ ቅል የወጣ ነው። አንዱን ሙዳ ለሁለት ከፍዬ ነው የጠቀለልኩት። 'ምን ምረጪ ትይኛለሽ፣ አንድ አይደለም ወይ' ትይኛለሽ ብዬ ነበር። ወይም ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር።"

"ለምን ዝም ብለሽ አልጠየቅሽኝም?"

"አንቺን?" አለችና ወደ ውጭ ዞረች። "ብጠይቅሽ ከማን ሰማሽ ብለሽ አገሩን ታገላብጪ አልነበር?"

እውነቷን ነው።

የፈራሁት ደረሰ። ልጄ ከኔ አፍ ሳትሰማ ሰምታ በማግስቱ ከአርጆ ደወለች፤ "ሱቁን ዝጊና ነይ" አለችኝ፣ አለቀስን፣ አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሰኞ ጠዋት የመጡት ደንበኞች ጥቂት ነበሩ፤ ማክሰኞ ከዚያም አነሱ። የመጡትም አይጠይቁኝም፤ የሚፈልጉትን ጠርተው፣ ራሳቸው አሽትተው፣ በአዘኔታ "አይዞሽ" ብለውኝ ይሄዳሉ። ያ አይዞሽ ከስድብ ይብስብኝ ነበር። የጎረቤቴ ምራት መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ተከራየች ሲሉ ሰማሁ። ስለ ኮረሪማው ጣሳ ግን ጎረቤቴን እስካሁን አልጠየቅኳትም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ነው፤ ጠይቄ መልሷን ባላምነውስ?

በዚያው ሳምንት መጨረሻ በርበሬ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ጆንያዎቹን አራግፎ ዋጋ መጥራት ጀመረ። ከመሃል ዘገንኩ። ቀለሙ ደም ነው። ዛላው ሲጨበጥ ይንኮሻኮሻል፣ ዘሩ ውስጡ ይንቀጫቀጫል። ጣቴም ዓይኔም ግዢው አሉኝ፤ እንዲህ ያለ በርበሬ ዓመቱን ሙሉ አላየሁም። ጎረቤቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና ከመዳፌ ላይ አንድ ዛላ አንስታ ሰብራ አሸተተች።

"ላኪ፣ ይቅርብሽ" አለች። "በዝናብ ጊዜ እሳት ላይ ነው ያደረቁት። ጭስ ይሸታል።"

"ምን ጭስ? ይህቺ ደግሞ ቅቤ ሻጭ አይደለችም እንዴ?" አለ ነጋዴው። "እትዬ፣ አንቺ ራስሽ አሽትቺው፤ ምን ይሸታል?"

ዛላውን ተቀብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ምንም። ነጋዴውን አየሁት፤ ፊቱ እንደ ሁልጊዜው የነጋዴ ፊት ነው። እሷን አየኋት።

"እርግጠኛ ነሽ?" አልኳት።

"ነኝ።"

ዛላውን ጆንያው ውስጥ መልሼ ነጋዴውን "መልሰህ ጫነው" አልኩት።